ድግምት ወሰን አለው፤ ፍርሃታችን ግን ወሰን አጣ



ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። ከመሐል ሜዳ ወደ ሰሜን ተዘልቆ የሚደረስባት፣ ውርጭ ገብሱን የሚገርፍባት፣ ሰዉ ባናውን ደርቦ ገበያ የሚወጣባት ደጋ ናት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገዛል፣ ይሸጣል፤ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል። የሚያሳዝነው በአንድ ጠንቋይ ደጅም አብሮ ወረፋ ይጠብቃል።

በዚያ አካባቢ በአንድ ሙስሊም ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ልጅቱ 11 ዓመቷ ነው። ከ8 ዓመቷ ጀምሮ ድንገት ትወድቃለች፣ ትንፈራገጣለች፣ አረፋ ትደፍቃለች፤ ከዚያም ከባድ እንቅልፍ ይወስዳታል። አባቷ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ የሰው ሐቅ የማይነኩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ይዘው በሦስት ዓመት ውስጥ አራት «አዋቂ» ዘንድ ዞሩ። አንዱ «መተት ረግጣለች» ብሎ ገብስማ ዶሮ አሳረደ። ሁለተኛው ሸህ ተብሎ የሚጠራ ነው፤ በወረቀት ጽፎ፣ በቆዳ አሰፍቶ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት፤ ሌላውን ጽሑፍ ደግሞ በውሃ አጥቦ አጠጣት። ሦስተኛው የልጅቱንና የእናቷን ስም ቆጥሮ «ኮከቧን አገኘሁት» አለ። አራተኛው «የበላቻት ጎረቤታችሁ ናት» ብሎ ባሏ የሞተባትን አንዲት ሸክላ ሠሪ ጠቆመ። ለዚህ ሁሉ ሰባት እናት በግ ተሸጠ። አንድ ቀን እናቷ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ባለችበት ሰዓት ልጅቱ ምድጃው ላይ ወደቀች። ቀኝ እጇ ነደደ።

ጤና ጣቢያ የተወሰደችው ለቃጠሎው ነው። ቁስሉን ታጥብ የነበረችው ነርስ «እንዴት እሳት ላይ ወደቀች?» ብላ ባትጠይቅ ኖሮ የመውደቋ ነገር ያን ቀንም ሳይነሣ ይቀር ነበር። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላት። ይህን ስጽፍ ሳትወድቅ ስምንት ወር ሆኗታል። ጣቶቿ ግን ተጣብቀው ቀርተዋል።

አባትየውን «አባባ፣ ጤና ጣቢያው ከቤትዎ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ስለ ምን ቀድመው አልወሰዷትም?» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ድግምትን ኪኒን ይፈታዋል ብዬ እንዴት ልመን?» አሉኝ።

ይህ የሞኝ መልስ አይደለም። ነገሩ ድግምት ቢሆን ኖሮ መልሳቸው ትክክል ነበር። ስሕተቱ ያለው ከመልሱ በፊት ነው። ድግምት ነው ያላቸው ማን ነው? በምን አወቀ? ድግምትስ እስከ የት ድረስ ይደርሳል? ይህን የጠየቀ አልነበረም። እኛ የተማርነው፣ የምናስተምረው፣ በየመስጊዱ የምንናገረው ሰዎች አላስተማርናቸውምና ጥፋቱ ከእርሳቸው ይልቅ የእኛ ነው።

ሲሕር የለም አንልም

አንዳንድ የከተማ ወንድሞቻችን ስለ ሲሕር ሲነሣ ይስቃሉ። «ተረት ነው» ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ሳቅ የገጠሩን ወገናችንን አያስተምረውም፤ ያርቀዋል እንጂ። ሲሕር በቁርኣን የተነሣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰባቱ አጥፊ ኃጢአቶች የቆጠሩት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ጉዳይ ነው። በምንነቱ ላይ ዑለማዎች ተነጋግረውበታል። አብዛኞቹ የአህሉ ሱንና ዑለማዎች እውነተኛ ተጽዕኖ ያለው ነገር አለበት ብለዋል። ሙዕተዚላዎችና ከሐነፊዮቹም እንደ አቡበክር አል-ጀስሳስ (በ370 ዓ.ሂ. የሞቱት) ያሉት ደግሞ አብዛኛው ማታለልና ዓይን ማወናበድ ነው ብለዋል። ይህ የቆየ ክርክር ነው፤ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ አንጨርሰውም።

ነገር ግን ልብ በሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ሲሕር ሁሉን ቻይ አይደለም። በሀገራችን እየተነገረ ያለው ድግምት ግን ሁሉን ይችላል። ልጅ ያሳብዳል፣ ላም ያደርቃል፣ ዝናብ ያቆማል፣ ሰው ያከብራል፣ ያደኸያል፣ ያጋባል፣ ያፋታል፣ የወደፊቱን ይናገራል። እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ፤ ይህ የማን ባሕርይ ነው? ይህን ሁሉ ለፍጡር የሰጠ ሰው ለፈጣሪ ምን አስቀረ?

ወሰኑ የት ነው?

የመጀመሪያው ወሰን ፈቃድ ነው። በሱረቱል በቀራ 102ኛው አንቀጽ ስለ ባቢሎን፣ ስለ ሃሩትና ማሩት የተነገረውን እናስታውስ። ሰዎቹ የሚማሩት ባልና ሚስትን የሚለይ ነገር እንደነበረ ይነግረናል፤ ወዲያው ግን ያለ አላህ ፈቃድ ማንንም ሊጎዱበት እንደማይችሉ ይጨምራል። የተማሩትም የሚጎዳቸው እንጂ የሚጠቅማቸው እንዳልሆነ ይዘጋዋል። አንቀጹን እየጠቀሱ የሚያስፈራሩን ሰዎች የፊተኛውን ያነባሉ፤ የኋለኛውን ይውጡታል።

ሁለተኛው ወሰን የነገሮች ተፈጥሮ ነው። የፊርዐውን ድግምተኞች ገመዳቸውንና በትራቸውን ሲጥሉ ምን ሆነ? ሱረቱል አዕራፍ የሰዎቹን ዓይን እንደደገሙበት፣ ሱረቱ ጧሃ ደግሞ ለሙሳ (ዐ.ሰ.) የሚሮጥ መስሎ እንደታያቸው ይገልጻል። ገመዱ ገመድ ነው፤ የተለወጠው ዓይን ነው። የዘመኑ ታላላቅ ድግምተኞች፣ በንጉሥ ትእዛዝ ከየሀገሩ ተሰብስበው፣ የደረሱበት ጫፍ ይህ ነው። ታዲያ የእኛ ሰፈሩ ሰውዬ፣ የገዛ ጣሪያው ክረምት የሚያፈስበት፣ ከእነርሱ በልጦ የሰው ጉበት ከሩቅ ይበላል ብለን እንዴት እናምናለን?

ሦስተኛው ወሰን ገይብ ነው። ሱለይማን (ዐ.ሰ.) በትራቸውን እንደተደገፉ ሞቱ። ጂኖቹ መሞታቸውን ሳያውቁ ከባዱን ሥራ ሲሠሩ ቆዩ። ያወቁት ምስጥ በትሩን በልታው ሬሳው ሲወድቅ ነው። ሱረቱ ሰበእ ይህን ሲተርክ መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ጂኖች ሩቁን ምስጢር ቢያውቁ ኖሮ በዚያ ስቃይ ውስጥ ባልቆዩ ነበር። እፊታቸው ቆሞ የሞተን ሰው ያላወቁ ጂኖች የአንቺን ባል የነገ ሐሳብ ከየት ያውቃሉ? «አንዳንዴ ያሉት ይደርሳልኮ» የሚል ይኖራል። አዎ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ተጠይቀውበታል። ጂን ከሰማይ የሰረቃትን አንዲት እውነት ለጠንቋዩ ያቀብላል፤ እርሱም መቶ ውሸት ይቀላቅልባታል ብለው መልሰዋል። ሰው አንዷን ያስታውሳል፤ መቶዎቹን ይረሳል።

አራተኛው ወሰን ደግሞ አስቂኝም ነው። የፊርዐውን ድግምተኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የጠየቁት ምን ነበር? «ካሸነፍን ደመወዝ አለን ወይ?» የሚል ነው። በትር እባብ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች የንጉሥን ደመወዝ ፈለጉ! ዛሬም ያው ነው። ሀብት የሚስብ ድግምት ያለው ሰው ስለ ምን የድሀ ገበሬን በግ ይፈልጋል? ለራሱ አይስብም?

«ነቢዩ ራሳቸው ተደግሞባቸው የለም ወይ?»

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ለቢድ ኢብኑል አዕሰም የተባለ ሰው በማበጠሪያና በፀጉር ሲሕር ሠርቶ ጉድጓድ ውስጥ መደበቁ በሁለቱ ሶሒሖች የተዘገበ ነው። ነገር ግን ሐዲሱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። የደረሰው ጉዳት እስከ ምን ነበር? ያላደረጉትን ነገር ያደረጉ መስሎ እስከሚታያቸው ነው። ከወሕዩ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ፈውሱስ ከየት መጣ? ሌላ ድግምተኛ ተጠርቶ አይደለም፤ ከአላህ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዳኑ በኋላ ያደረጉት ትምህርት ሊሆነን ይገባል። ሠሪው ታውቋል፤ በወሕይ የታወቀ ነው፤ ጥርጣሬ የለበትም። ሆኖም በሰዎች መካከል ክፉ ነገር እንዳይቀሰቀስ ብለው ነገሩን አላራገቡትም። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ አለቀ።

ወገኖቼ! በወሕይ ያወቁት ነቢይ ዝም ካሉ፣ በጠንቋይ ጥቆማ «ያወቀ» ሰው የጎረቤቱን ደጅ እንዴት ይደበድባል?

እኛ ዘንድ እንዴት ነው የሚሠራው?

አሁን ወደ አራቱ «አዋቂዎች» እንመለስ። የሚሠሩበትን መንገድ ቀርቦ ለመረመረው ምሥጢሩ ብዙ አይደለም።

ኮከብ ቆጣሪውን እንውሰድ። የሰውዬውን ስምና የእናቱን ስም በፊደሎቹ ቁጥር ይደምራል፣ ለ12 ያካፍላል፣ በቀሪው ኮከቡን ይናገራል። ደብተራው ከአውደ ነገሥት፣ የእኛው ሰው ደግሞ ከዐረብኛ መጽሐፍ ይቆጥራል፤ የኮከቦቹ ስም ግን ያው ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ስሞቹ ከየት እንደመጡ ሳይነገረው ይገባዋል። እስቲ ራሳችን እንቁጠር። ሐሊማ በዐረብኛ ፊደል 93 ትሆናለች። እናቷ ዘይነብ 69 ናት። ድምሩ 162፤ ለ12 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ ኮከቧ ሰንቡላ ነው። ቆጣሪው 8 የሆነውን «ሓ» ስቶ 5 በሆነው «ሀ» ቢጽፋት ድምሩ 159፣ ቀሪው 3፣ ኮከቧ ገውዝ ይሆናል። የልጅቱ ዕጣ፣ ባሏ፣ በሽታዋ፣ የምታርደው የዶሮ ቀለም ሁሉ በአንድ ፊደል ስሕተት ተለወጠ ማለት ነው! ደግሞም 1200 ሰው ባለበት መንደር በአማካይ 100 ሰው አንድ ኮከብ ይጋራል። መቶውም አንድ ዓይነት ኑሮ ይኖራሉ? አንድ ዓይነት በሽታ ይታመማሉ?

ወደ ሂርዙ እንሂድ። ተከፍቶ ቢታይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘጠኝ ቤት ያለው ሠንጠረዥ ነው። ላይኛው ረድፍ 4፣ 9፣ 2፤ መካከለኛው 3፣ 5፣ 7፤ ታችኛው 8፣ 1፣ 6። ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ በሰያፍ ቢደመር 15 ነው። በማዕዘኖቹ ያሉት 2፣ 4፣ 6፣ 8 በፊደል ሲነበቡ «ቡዱሕ» ይሆናሉ፤ ይህንንም የምሥጢር ስም ያደርጉታል። ይህን ሠንጠረዥ ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በእኛ ዘንድ ብዙ ያስፋፉት በ7ኛው መቶ ዓመተ ሂጅራ የኖረው አል-ቡኒና በስሙ የሚጠራው «ሸምሱል መዓሪፍ» የተባለው መጽሐፍ ናቸው። ድምሩ በሁሉም በኩል 15 መሆኑ ደስ ይላል፤ ልክ ነው። ግን የሒሳብ ጠባይ ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጃችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ ይሞላዋል። ልጃችሁ ሲሞላው ጂን ካልመጣ፣ ሰውዬው ሲሞላውም አይመጣም።

«ኢማሙ አል-ገዛሊ ጠቅሰውታልኮ፤ ምጥ ለያዛት ሴት ይረዳል ብለዋል» የሚል ጸሐፊ ገጥሞኛል። «አል-ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፋቸው መጥቀሳቸው እውነት ነው። የጠቀሱት ግን ፈላስፎችን ሲሞግቱ፣ «እንዲህ ያለውን ነገር እያመናችሁ የሸሪዓን ትእዛዝ ጥቅም ስለ ምን ትክዳላችሁ?» ለማለት ነው። ለጸሐፊ ገበያ ይሁን ብለው አይደለም። ዛሬ ምጥ የጠናባትን እናት በሠንጠረዥ ቤት ማቆየት ነፍስ ማጥፋት ነው።

የበረዶ መላሹስ? በደጋው ገብስ ላይ በረዶ ሲወርድ የዓመት ቀለብ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ገበሬው ቢፈራ አይፈረድበትም። መላሹ በየመኸሩ ከየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። በረዶው ካልወረደ «መለስሁት» ይላል። ከወረደ ደግሞ «ከመካከላችሁ ሕግ ያፈረሰ አለ» ይላል። ልብ በሉ፤ በሁለቱም መንገድ ገበያው አይከስርም። የድግምት ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው። ሦስት ነገር ከደንበኛው ይፈልጋል። በመጀመሪያ ፍርሃቱን፤ ያልፈራ ሰው አይመጣምና። ቀጥሎ ወሬውን፤ ደጅ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ለረዳቱ የነገርነውን እርሱ ከውስጥ ሆኖ መልሶ ይነግረናልና። በመጨረሻ መርሳቱን፤ ያልደረሰውን ቆጥሮ የሚጠይቀው የለምና። እነዚህን ሦስቱን ብትነሡት ባዶ እጁን ይቀራል።

የሂርዝን ነገር በሚዛን

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ከቁርኣን ብቻ የተጻፈን ነገር ስለ ማንጠልጠል ከቀደምቶቹ የፈቀዱም የከለከሉም አሉ። ከዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር መፍቀድ ሲወራ፣ የኢብኑ መስዑድ ተማሪዎች ግን ማንኛውንም ይጠሉ ነበር። ስለዚህ አያቶቻችን አንጠለጠሉ ብለን አናከፍራቸውም። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ከዕውቀት ማነስ ነው። ነገር ግን የማይገባ ስም፣ የማይነበብ ፊደልና የጂን ጥሪ ያለበት በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። ሩቅያ ሽርክ እስከሌለበት ድረስ እንደማይከለከል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል፤ ይህ በሙስሊም የተዘገበ ነው። መለኪያው ይኸው ነው። ቆዳው ተሰፍቶ «እንዳይከፈት» የሚባለው ለምንድን ነው? ቃሉ የአላህ ከሆነ ቢነበብ ምን ያጎድላል?

«ሶሓቦችስ በፋቲሓ ሩቅያ አድርገው በጎች ተቀብለው የለም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። አዎ፤ መርዘኛ የነደፈውን የጎሣ አለቃ ፋቲሓ ቀርተውበት በግ ተቀብለዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አጽድቀውታል። ታሪኩን ግን አስተውሉ። በጎቹ የተሰጡት ሰውዬው ድኖ በእግሩ ከሄደ በኋላ ነው! የእኛዋ ልጅ ሰባት በግ ተሸጦላት መውደቋን አላቆመችም። አንዱም በግ አልተመለሰም።

መተት ሳይሆን በሽታ

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። በወሊድ ጊዜ በደረሰ ጉዳት፣ ጭንቅላት በመመታት፣ በማጅራት ገትርና በሌላም ምክንያት ይመጣል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። በምራቅ አይተላለፍም፤ ሲወድቅ የነካው ሰው አይታመምም። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት፣ ተገቢው ሕክምና ቢደረግላቸው እስከ 70 ከመቶው ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በሀገራችን በቡታጅራ አካባቢ ተጠንቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት አሳይቷል። ፊኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ለዚህ ሕመም መሰጠት የጀመረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ ርካሽ ነው። ዋናው ነገር በየቀኑ መዋጥና ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አለማቋረጥ ነው። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፤ በአፉ ማንኪያ መክተት ይጎዳል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ እስኪያልፍለት መጠበቅ ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም የምትወድቅ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እርሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንዳላት አበሠሯት፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥም ዱዓ አደረጉላት። «ማን ደገመብሽ?» አላሏትም። ጎረቤቷን አልከሰሱም። በሽታ ያለ መድኃኒት እንዳልወረደ ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጎልማሳ ሰው እግሩ ድንገት ሲተሳሰርና በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር «መተት ረገጠ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የረገጠው ሳይሆን የበላው ነው። ጓያ በድርቅ ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ከተጎዳ በኋላ አይመለስም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት ሌላው አዝመራ ጠፍቶ ጓያ ብቻ በተረፈበት ጊዜ ብዙ ሰው በዚህ ሽባ ሆኗል። ደጃፉን ቆፍሮ የተቀበረ መተት የሚፈልግ ሰው፣ እስኪያገኝ ድረስ ልጆቹ ያንኑ ጓያ ይበላሉ። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ከመቶ ክታብ ይበልጣል።

የሸክላ ሠሪዋ ሐቅ

ከሁሉ የከበደኝ የዚያች ጎረቤት ጉዳይ ነው። አራተኛው ሰው ከጠቆማት ቀን ጀምሮ ቡናዋን የሚጠጣላት ጠፋ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋት ይሸሻሉ፤ ገበያ ያወጣችው ገንቦ ሳይሸጥ ይመለሳል። ጥፋቷ ምንድን ነው? ጭቃ አቡክታ፣ እሳት አንድዳ፣ እኛ የምንጠጣበትን ገንቦ፣ እኛ የምንጋግርበትን ምጣድ መሥራቷ!

ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ስንርቀው ኖርን። የዓይን ክፉነት በሐዲስ ተነግሯል፤ አንክድም። ነገር ግን ሐዲሱ የሚያስተምረው ያማረ ነገር ያየ ሰው በረካ እንዲለምን ነው እንጂ አንድን ዘር ከነልጅ ልጁ በዓይኑ እንድንወነጅል አይደለም። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት የለዘበላቸው፣ ጥሩር የሚሠሩ ነበሩ። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። ቀጥቃጭን ቡዳ የሚል ሰው የሚሰድበው ማንን እንደሆነ ያስብ!

እንዲህ ያለው ክስ በየት እንደሚያልቅ የሀገራችን ታሪክም ይናገራል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (የነገሠው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) በጠንቋዮችና በጣዖት አምላኪዎች ላይ ጽኑ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ጠቋሚ በዛ። በመጨረሻ፣ በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው፣ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ተጠቁመው ተገረፉ፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። ጥቆማ የጎረቤት ቤት ጀምሮ የራስን ቤት ሳይበላ አይቆምም።

አዲሱ ገበያ

ይህን ስል «እኛ ጠንቋይ አንሄድም፤ ወደ ሩቅያ ነው የምንሄደው» የምትሉ አላችሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ በሩቅያ ስም አዲስ ገበያ ተከፍቷል። ስልኩን ለጥፎ ዋጋ የሚቆርጥ፣ በሽተኛን በዱላ የሚደበድብ፣ «በውስጥህ ሦስት ጂን አለ» ብሎ የሚቆጥር፣ «አክስትህ ናት ያስደገመችብህ» እያለ ዘመድ የሚያቆራርጥ ሰው ፂሙ ስለረዘመና ቁርኣን ስለቀራ ብቻ ከጠንቋዩ አይለይም። ጂኑን ጠይቆ የሚያምን ሰው መቶ ውሸት ከሚቀላቅል ምስክር ነው የሚሰማው። ከእነርሱ ሁሉ የከፋው «ኪኒኑን ካላቆምክ ሩቅያው አይሠራም» የሚለው ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ያቋረጠ ሰው ሳያባራ እየተንዘፈዘፈ ሊሞት ይችላል። ያኔ ደም በማን እጅ ነው?

ሩቅያ ነጋዴ አያስፈልገውም። ፋቲሓን፣ አያተል ኩርሲን፣ ሦስቱን ቁሎች የማያውቅ ሙስሊም ቤት የለም። እናት ልጇን አቅፋ፣ በገዛ አንደበቷ ትቅራበት፤ ወረፋ የለው፣ በግ የለው። ከዚያም ኪኒኑን ታውጠው። ዱዓውም ሰበብ ነው፤ ኪኒኑም ሰበብ ነው፤ ሁለቱንም የፈጠረው አንድ ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የቤተሰብ አባቶች ሆይ! የወደቀ፣ የቃዠ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የሚያወራ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ የሚደረስበት ደጅ ጤና ጣቢያ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሰውዬው የእናታችሁን ስም ከጠየቃችሁ፣ የተለየ ቀለም ያለው ዶሮ ካዘዘ፣ ጽሑፉን ከመክፈት ከከለከለ፣ ወይም ጎረቤት ከጠቆመ፣ ተነሥታችሁ ውጡ። ወደ ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደሌለው በሙስሊም የተዘገበውን አትርሱ። ሦስተኛ፣ ኢማሞቻችን ሆይ! የሲሕርን ኃጢአትነት ብቻ ሳይሆን ወሰኑንም አስተምሩ። ኃጢአትነቱን ብቻ የሰማ ሰው ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ፍርሃቱ የጨመረ ሰው ደግሞ ተመልሶ ወደዚያው ደጅ ይሄዳል። አራተኛ፣ በጥርጣሬ ያራቅነውን ጎረቤት ዐፍው እንጠይቅ። የሰው ሐቅ በተውበት ብቻ አይወርድምና።

አባትየው ይህን አድርገዋል። ባለፈው መኸር ሚስታቸውን አስከትለው ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄዱ። «ቡናሽን አፍዪልን» አሏት። እንዴት እንደተቀበለቻቸው ጠይቄያቸው ነበር። «አለቀሰች» አሉኝ። «እኔም አለቀስሁ። የልጄን እጅ አይታ ነው ያለቀሰችው።» ከዚያ ወጥተው ስመለከታቸው በብብታቸው የኪኒን ከረጢት ይዘው ነበር፤ የወሩን ሊያመጡ ጤና ጣቢያ ደርሰው መመለሳቸው ነው።

ያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አሁንም በጆሮዬ አለ። «ድግምትን ኪኒን ይፈታዋል ብዬ እንዴት ልመን?» መልሱ ይኸውና፤ አባባ፣ ኪኒኑ የፈታው በሽታውን ነው። ድግምቱ የነበረው በእኛ ልብ ውስጥ ነው፤ እርሱን የሚፈታው ደግሞ ከአላህ በቀር የሚጎዳም የሚጠቅምም እንደሌለ ማወቅ ነው።

ወላሁ አዕለም።